በዚህ ዋጋ የቀኙ ብቻ ነው የሚበረው

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ ዚፕ ነው የሚላት። እናታችን ያወጣችላትን ስም የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቿና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነን። አንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትከሻውን አጥብቦ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ ቦርሳ፣ ሻንጣና ጃኬት ትጠግናለች። ከዚፕ ጋር የተጣላ ሰው መጨረሻው እሷ ዘንድ ነው።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ። የሚከራከር ሰው ደሜን ያፈላዋል። እህቴ ግን ለተከራካሪ እምቢ ብላ አታውቅም። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ የዋጋውን ግማሽ ሲጠራላት መርፌዋን ከአፏ አውጥታ ፈገግ ትላለች።

"እሺ፣ ይሁን። በዚህ ዋጋ ግን የፕላስቲኩን ዚፕ ነው የማስገባልህ። እስከ ክረምት ካደረሰህ አመስግነው።"

አብዛኛው ሰው ትንሽ ያስብና ወደ መጀመሪያው ዋጋ ይመለሳል። የማይመለሰውም በክረምት ይመለሳል።

እሑድ እሑድ የምንጫወተውን ጨዋታ ያመጣችብን፣ መምህርት የምንላት ደንበኛዋ ናት። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነች፤ አንድ ቀን ከረጢቷን ልታሠራ መጥታ፣ ገና ስትዘረጋው ከውስጡ ዳይሶች ተበትነው ከስፌት መኪናው ሥር ገቡ። የለመድነው ባለ ስድስት ፊት አይደለም፤ ባለ ሃያ ፊት ሁሉ ነበረበት። እህቴ በሆዷ ተኝታ እየለቀመች "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለቻት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸው ነው፤ ዘንዶው በሁለተኛው ሳምንት እኛ ጋ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተረቱን ይመራል፤ ሌሎቻችን በወረቀት ላይ የየራሳችንን ሰው ፈጥረን በተረቱ ውስጥ እንጓዛለን፣ እንዋጋለን፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ዳይሱ ይፈርዳል። መምህርት ጎራዴ የያዘች ጀግና ነበረቻት፣ ከተማሪነቷ ጀምሮ ይዛት የኖረቻት። እኔ ሌባ ሆንኩ፤ በሥራዬ የማላገኘውን ነፃነት እዚያ አገኘሁት። ተረቱን የምትመራው እህቴ ናት። እሑድ ከሰዓት ሕንፃው ጭር ሲል የመቁረጫ ጠረጴዛዋንና ወንበሮቹን ከሱቋ ደጅ እናወጣና እስኪመሽ እንጫወታለን።

አባባን ያመጣናቸው በግድ ነው። አባታችን ዕድሜያቸውን በሙሉ አሮጌ የቤት ዕቃ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ፣ በክርክር ወደር ያልተገኘላቸው ሰው ነበሩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ግን መከራከር ተዉ። ዳቦ ቤት ገብተው የተጠየቁትን ከፍለው ይወጣሉ። ዳቦ ሻጩ ራሱ ደንግጦ "አባትህን አሟቸዋል እንዴ?" ብሎኛል። አሟቸው ነበር፤ ሐኪም የማያየው ሕመም።

በወረቀቱ ላይ አባባ መጥረቢያ የታጠቁ ተጓዥ ነጋዴ ሆኑ። የመጀመሪያው እሑድ እስከ አጋማሹ ድረስ "እህ" ከማለት በቀር አልተናገሩም። ከዚያ በተረቱ ውስጥ አንድ ከተማ ደረስን። እዚያ አስማተኛ ዕቃ የሚሸጥ አንዳይና ባለሱቅ አለ፤ እህቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን አጎርንና ነው እሱን የምትሆነው። የሚሰውር ካባ አሳየቻቸው፤ የለበሰው ሰው አይታይም። ዋጋው በጨዋታው የደንብ መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው አምስት መቶ ወርቅ።

አባባ ቀና አሉ። "አምስት መቶ? ለጨርቅ?"

"የሚሰውር ጨርቅ ነው፣ ጌታው።"

"ታዲያ ካልታየ መኖሩን በምን አውቃለሁ?" ብለው ብድግ አሉ፤ ወንበራቸውን ገፍተው ወደ ደረጃው መንገድ ጀመሩ። የምራቸውን መስሎኝ ልነሳ ስል እህቴ በዚያ በጎርናና ድምፅዋ ጮኸች።

"ና ተመለስ፣ አንተ ሽማግሌ! ስንት ልትሰጥ ነው?"

አባባን "አንተ" ብሎ የጠራ ልጅ በቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ሰማይ የሚደፋብን መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ። አባባ ግን ዞር ሲሉ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ከስንት ጊዜ በኋላ! እህቴ ያን ሳቅ ስታይ አንጀቷ ተላወሰ፤ ካባውን በሃያ ወርቅ ሸጠችላቸው።

ችግሩ ከዚያች ካባ ጀመረ። አባባ በየእሑዱ ከሁላችን ቀድመው ይመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ይጠራሉ፣ ነፃ ሊሆን ጥቂት የቀረው ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ። የማይሞላ ከረጢት ገዙ። በራሱ የሚዋጋ ጎራዴ ገዙ። እሳት የማይበላው ኮፍያ እንኳ በሁለት ዶሮ ለወጡ። ጠላት ሲመጣ ገና እኔ ዳይስ ሳላነሳ የአባባ ጎራዴ ብቻውን ወጥቶ ይጨርሰዋል። እኔ ወርቅ እሰርቃለሁ፣ የምገዛበት ምክንያት ግን የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

መምህርት ዝም ብላ ከረመችና አንድ እሑድ ወረቀቷን ስትሰበስብ ለእህቴ በለሆሳስ ነገረቻት።

"ዚፕዬ፣ እኔ ሕፃናት ስጠብቅ ነው የምውለው። እሑድን የምፈልገው ትንሽ ልፈራ ነው። እዚህ የሚያስፈራ ነገር ጠፋ። ዋጋውን ካላስተካከልሽ እኔ እቀራለሁ።"

እሷ ከቀረች ሦስት እንሆናለን፣ ለሦስት ደግሞ ጨዋታው አይሞቅም። ጨዋታው ከፈረሰ አባባ ወደዚያ ዝምታቸው ነው የሚመለሱት። እህቴ ይህን ስታሰላ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች፤ የገዛ ልብሷን ዚፕ ገልብጣ ሰፋች። በመጨረሻ ካርቶን ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ "ዋጋ አይቀነስም" ይላል። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ እንደ አውቶቡስ ታሪፍ ይለጠፍ አልኳት። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

አባባ በዚያ እሑድ ያደረገውን ሰው ወደ ሰማይ የሚያበርር ጫማ ሊገዙ ፈልገው ነበር። ካርቶኑን በመነጽራቸው አነበቡ። "እሺ" አሉ። ምንም አልገዙም። ቀሪውን ጊዜ ተራቸው ሲደርስ ዳይሱን ወርወር፣ ወርወር አድርገው ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ቀሩ። እህቴ ልትጠይቃቸው ብትሄድ፣ ከተዘጋው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስትጠይቃቸው የትኛው እንደሆነ እንኳ ተምታታባቸው።

በማግስቱ ምሳዬን ልበላ ሱቋ ገብቼ ነበር። ዓይኗ አብጧል። አንድ ወፍራም ሰውዬ የሻንጣ ዚፕ ሊያስቀይር መጥቶ ዋጋውን ወደ ግማሽ ጎተተው። እሷም ከልምዷ "እሺ፣ በዚህ ዋጋ ግን የፕላስቲኩ ነው" አለችው። አለችና እዚያው ቀጥ አለች። መርፌው በእጇ፣ አፏ እንደተከፈተ። ቀጥላ ሰውየውን ትታ እኔን ትከሻዬን ትደበድበኝ ጀመር።

"የፕላስቲኩ! አንተ፣ የፕላስቲኩ ነዋ! እዚህ ስንት ዓመት የምሠራውን ምነው እዚያ ረሳሁት?"

ሰውየው ፈርቶ ሙሉውን ከፈለ።

አባባን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ "አንዳይናው ሐሳቡን ቀይሯል፣ ይከራከሩኝ ብሏል" አልኳቸው። ጉልበታቸው ወዲያው ዳነ። ካርቶኑ የለም። የሚያበርረው ጫማ ዋጋ ስምንት መቶ። አባባ መቶ አሉ፣ ተነሱ፣ ሄዱ፣ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ተጠሩ።

"በመቶ ይሁንልህ፣ አንተ ሽማግሌ" አለች እህቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና። "በዚህ ዋጋ ግን የቀኙ ብቻ ነው የሚበረው።"

አባባ ለአፍታ አፈጠጡባት። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው "የኔ ልጅ!" አሉ። ገዙትም። በዚያ እሑድ የአባባ ነጋዴ አንድ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ ምድር ሆኖ በከተማው ላይ ሲሽከረከር ዋለ፤ መምህርት ሆዷን ይዛ ከወንበር ወረደች። ከዚያ በኋላ አባባ የገዙት ነገር ሁሉ ጥርስ የማያስከድን ሆነ። እውነት የሚናገር መስታወት ገዙ፤ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ብቻ ነው። መምህርትም መቅረቱን ረሳችው።

አንድ ቀን የማይበጠስ ገመድ ገዙ። ሦስት መቶ ሲባል በሰማንያ ጨረሱት። "በዚህ ዋጋ እስከ እኩለ ቀን ነው የማይበጠሰው" አላቸው አንዳይናው። "በጠዋት እንሻገራለን" አሉ አባባ፣ ደስ ብሏቸው።

በተረቱ ውስጥ ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ደረስን፤ ግን እኔና አባባ ማን ቀድሞ ይሻገር ብለን ጠብ ያለሽ በዳቦ ሆነን ረፈደብን። እኔ ተሻገርኩ። አባባ ተሻገሩ። የመምህርት ጀግና መሐል ላይ ስትደርስ እህቴ ቀስ ብላ "እኩለ ቀን ሆነ" አለች። መምህርት ባለ ሃያ ፊቱን ወረወረች። አንድ ወጣ፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ የከፋው። ገመዱ ተበጥሶ ጀግናዋ ገደል ገብታ ሞተች።

መምህርት "ይሁን፣ ጨዋታ አይደል" አለችና ወረቀቷን ለሁለት አጠፈች፤ እጇ ግን ወረቀቱን አልለቀቀውም።

"ወደ ሱቁ እመለሳለሁ" አሉ አባባ።

በአንዳይናው መደርደሪያ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀመጠች ቃጭል አለች፤ ስትደወል የሞተ ሰው ትመልሳለች። ዋጋዋን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ እህቴም አስባበት አታውቅም።

"ስንት ነው?"

እህቴ ምራቋን ዋጠች። "አሥር ሺህ።"

አባባ እስኪነሱ ጠበቅሁ። አልተነሱም። የወረቀታቸውን ዝርዝር ከላይ ጀምረው በእርሳስ ይሰርዙ ጀመር፤ ካባውን፣ ከረጢቱን፣ ጎራዴውን፣ ኮፍያውን፣ አንድ እግር ጫማቸውን፣ ያላቸውን ወርቅ ሁሉ። አንድ ቃል አልተከራከሩም። የዳቦ ቤቱ ዝምታ የተመለሰ መሰለኝ። እህቴም እንደኔ ሳትፈራ አልቀረችም፤ የጨፈነችውን ዓይን ገልጣ በራሷ ድምፅ ተናገረች።

"አባባ፣ ትንሽ ልቀንስልዎት?"

"እንዳትቀንሺ!" አሉ፣ እርሳሱን ወደሷ ቀስረው። "ተከራክሬ የገዛሁት ገመድ ነው የጣላት። በቅናሽ ጠርቼ ግማሿ ብትመጣስ?" ከዚያ በዝግታ ጨመሩ። "ለእናታችሁም እንዲህ ያለ ሱቅ ቢገኝ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍዬ እወጣ ነበር።"

እናታችንን ያነሱት፣ ከሞተች ወዲህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እህቴ አለቀሰች። እኔም፤ ምን እደብቃለሁ። መምህርት የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ በእጅጌዋ እንባዋን እየጠረገች "ቃጭሏን ይደውሏት እንጂ፣ አባባ፣ ገደሉ ውስጥ በረደኝ" አለች። አባባ በእርሳሳቸው የሻይ ብርጭቆውን መቱት። ጀግናዋ ተነሳች፤ ሙሉ ሆና።

ያን ጊዜ አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ አንዳይናው ዞሩ።

"ምርቃትስ?"

"ምን ምርቃት?"

"ይህን ያህል ገዝቼ ባዶ እጄን ልሂድ? ገመድ ጨምርልኝ። የደህናውን!"

አንዳይናው እያጉረመረመ ጨመረ። ከገመዷ በቀር አባባ አንድም ነገር አልቀራቸውም፤ እንደገና እንደ እኛ ድሃ ሆኑ፣ እንደገናም ጠላት የሚያስፈራ ሆነ። ዕቃ ስንሰበስብ "የሚቀጥለው እሑድ በስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ዘጠኝ ሰዓት፣ አባባ" አለች እህቴ።

"ይረፍዳል። ሰባት።"

"ስምንት ተኩል።"

ብድግ ብለው ወደ ደረጃው አመሩ። እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

"ና ተመለስ፣ አንተ ሽማግሌ! ሰባት ይሁንልህ። በዚህ ዋጋ ግን ወንበሮቹን የምታወጣው አንተ ነህ!"

በሚቀጥለው እሑድ እኔ እንደ ልማዴ አርፍጄ ስደርስ ጠረጴዛው ተዘርግቶ ነበር። አባባ በመንገዳቸው ዳቦ ገዝተዋል። ዳቦ ሻጩ በአንድ ዳቦ ሰበብ ሩብ ሰዓት እንዳቆሙት በኋላ በምሬት ነገረኝ፤ አቅፌ ሳምኩት።