ዶክተሩ «ሥር» ሲሉኝ

መጀመሪያ የተሰማኝ ትኩስ ነገር ስቀምስ ነው። ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ፉት ስል የላይኛዋ የፊት ጥርሴ ጠዘጠዘችኝ። ሻዩን ብውጠውም ሕመሙ አልወረደም። ልጅ ሳለሁ ወድቄ የመታኋት ጥርስ ናት፤ ለዓመታት ዝም ብላ ኖራ ነበር።

ሁለት ሳምንት አሠቃየችኝና በአንድ ቀን ጸጥ አለች። እሰይ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ «ዳንኩ» አልኩ። ሞኝነቴ! ለካ የጥርሷ ነርቭ ሞቶ ነው።

ከወር በኋላ ከንፈሬ አበጠ። ከዚያ ጉንጬ። አንድ ዓይኔ ተደፈነ። አፌ ውስጥ መግል ቀመስኩ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየኝና «ትነቀል» አለ። አለቀስኩ።

ያለቀስኩት ለቁንጅና ብቻ አይደለም፤ ለእሱም ትንሽ ነበር፣ አልዋሽም። ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ አንደኛ ክፍል ፊደል አስተምር ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛን የሚለምዱት ከኔ አፍ ነው። የፊት ጥርስ የሌላት አስተማሪ «ፈ» ስትል ነፋስ ይወጣል፤ ክፍሉ ሁሉ እሷን ተከትሎ ያፏጫል። ክፍሌን ከነጠቁኝ ምን ቀረኝ?

ድሬሰሩ አዘነልኝና በየሁለት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንድ የጥርስ ሐኪም እንዳሉ ነገረኝ። ዶክተር መኮንን ይባላሉ። ወረፋው ብዙ ስለነበር ጊዜ አልነበራቸውም። ጥርሴን በትንሽ ብረት መታ መታ አደረጉና ፔኒሲሊን አዘዙልኝ።

«እብጠቱ ይጉደል። በሚቀጥለው ስመጣ የሥር ሕክምና እንጀምራለን። ተዘጋጅተሽ ነይ» አሉኝ።

የሥር ሕክምና! እኔ የማውቀው ሥር፣ ሥር ማሾች ከመሬት የሚምሱትን ነው። ውጭ አገር የተማረ ሐኪም በሥር ካመነማ ብዬ፣ እብጠቱ እንደጎደለ ዲላ አጠገብ ወዳለችው ጪጩ ሄድኩ። እዚያ አባ ጅግሶ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«አይዞህ ልጄ! ሐኪሙ ብልጥ ነው። ሥሩን እሰጥሃለሁ፤ ስሙን ግን አትጠይቀኝ» አሉኝ።

የመድኃኒት ስም ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል ይባላል። እሳቸውም ከአባታቸው የወረሱት አልናገርም ብለው ምለው ነው። አራት ዓይነት ሥር በእንሰት ቅጠል ጠቀለሉልኝ።

ቀኑ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጥቅሉን ፈታሁት። ዶክተሩ ሥሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያዘዙኝ ሥር ነዋ!»

መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁ። እኔን እፍረት ገደለኝ። የጥርሴን ሥር ማለታቸው እንደሆነ፣ እሱም ውስጡ ቀጭን ቦይ እንዳለው አስረዱኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ገትተው አንዱን ሥር አነሡና አሸተቱት።

«ግን ለምን አንሞክረውም?» አሉ።

ያን ቀን ጥርሴ ተከፈተች። መሰርሰሪያው በእግር የሚረገጥ ነው። ድምፁ ጭንቅላቴን ሞላው። ሽታው ወጣ። የወንበሩን እጀታ ጨበጥኩ። እንደ መርፌ በቀጠነ ብረት ከቦዩ ውስጥ የሞተውን ጠረጉ። ከመግሉ ጥቂት በብልቃጥ ያዙ።

መግሉንና አራቱን ሥሮች አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ወሰዷቸው። ስም ስላልነበራቸው ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጻፉባቸው። አሠራሩን በኋላ ነግረውኛል፤ ከመግሉ የተገኘውን ባክቴሪያ ምግቡ ባለበት የመስታወት ሳህን ላይ ይዘሩትና፣ የየሥሩን ጭማቂ የጠጣ ቁራጭ ወረቀት በላዩ አድርገው ሙቀት ውስጥ ያሳድሩታል። ጭማቂው ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ክብ ይታያል።

ዶክተሩ ሲመለሱ፣ ነገሩን የነገርኳቸው አባ ጅግሶም ውጤቱን ሊሰሙ አብረውኝ መጡ።

«ሦስት ቁጥር ክብ ሠርቷል» አሉ ዶክተሩ፣ ይዘውት የመጡትን ሳህን እያሳዩን። «የቀሩት ምንም አላደረጉም።»

«እንግዲያው ጥርሴ ውስጥ ይጨምሩልኝ!» አልኩ።

«አይሆንም። ሳህን ላይ የሠራ ሁሉ አፍ ውስጥ አይሠራም፤ ሥጋሽንም ሊያቃጥል ይችላል። ገና ብዙ መፈተን አለበት።»

ቦዩን በታወቀው መድኃኒት አከሙት። ከመድኃኒት ብልቃጦቹ አንዱ የቅርንፉድ ዘይት እንደሆነ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ እሱም ከሱቅ የምንገዛው ተክል ነው፣ ተፈትኖ እዚህ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መግሉ ደረቀ፣ ድዴ ወደ ቀለሙ ተመለሰ፣ ቆሎ ባልደፍርም ዳቦ መግመጥ ጀመርኩ፣ በመጨረሻም ቦዩ ተደፍኖ ጥርሴ ሳትነቀል ወደ ክፍሌ ገብቼ «ፈ» ስል ልጆቹ አጥርተው «ፈ» አሉ። ዛሬ ጠቁራለች እንጂ እዚያው አለች።

ጥርሳችሁን ለምትታመሙ ምክሬ አጭር ነው። ሕመሙ በድንገት ከጠፋ አትደሰቱ፤ ያን ጊዜ ነው መሮጥ። ቅጠልና ሥር ካላችሁ ለሐኪሙ አሳዩት እንጂ ራሳችሁ ጥርሳችሁ ላይ አታድርጉት። የሦስት ቁጥርን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ዶክተር መኮንንን ጥርሴን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ። አባ ጅግሶን ግን የማመሰግነው ከዚያ በላይ ነው። ጥርሴ በተደፈነችበት ቀን መጥተው ለዶክተሩ «ስሙን ጻፍ» አሏቸው።

«አባቴ አትናገር ብሎኛል። አባቴ ግን ይሄን ሳህን አላየም።»

የሦስት ቁጥርን ስም ተናገሩ። ዶክተሩ ጽፈው ደብተሩን ሊዘጉ ሲሉ እጃቸውን ያዟቸው።

«የማይሠሩትንም ሦስቱን ጻፍ» አሉ፤ «ሌላ ሰው በከንቱ እንዳይለፋ።»