«አቤት» ለሚባል ጌም የሠራሁት ታፔላ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ክረምት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ያስቸገረኝ በዚያ ምክንያት ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ልጄም የቢሮ ሥራዋን ትታ ቤት ከዋለች ቆይታ ነበር። ሦስት ዓመት ይሁን አራት፣ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኳትም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በታፔላ ነው። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ብዙም አላለፈም፤ ፊደል ግን እጄ ላይ አለ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አየር ጤና ስንት ሥጋ ቤት፣ ስንት ጎሚስታ፣ ስንት ፀጉር ቤት ላሜራ ላይ ጽፌያለሁ። የሥራችን መለኪያ አንድ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳይወርድ ያንብበው። በኋላ በማሽን የሚታተመው ባነር መጣና ብሩሼን አስቀመጥኩ። እጄም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ባነሩ ባይመጣም ያው ነበር።

ልጄ የምትሠራው ጌም ነው፤ በኮምፒውተር የሚጫወቱት፣ አስፈሪ የሚባለው ዓይነት። ብቻዋን ነው የምትሠራው። ስሙን «አቤት» ብላዋለች። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻህን ነህ፣ ከግቢው በር ውጭ እናትህ በምታውቀው ድምፅዋ ትጠራሃለች። ሦስት ጊዜ ሳትጠራህ አቤት ካልክ አለቀልህ። እናትህ ከሆነች ሦስተኛውን ትጠራለች፤ ድምፅዋን አስመስሎ የሚመጣው ነገር ግን ከሁለት በላይ መጥራት አይችልም። ይህን ልጅ ሳለች የነገርኳት እኔ ነኝ። እኔም ከእናቴ ነው የሰማሁት። ለማንም በር እንዳትከፍት ብዬ እንጂ እንዲህ ዓመታት ትደክምበታለች ብዬ አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስገባ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች።

«ምነው?» አልኳት።

«አባዬ፣ ሰው ያልፈዋል።»

«ምኑን?»

አሳየችኝ። ጌሙ የሚሸጠው ኢንተርኔት ውስጥ ባለ ሱቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ትንንሽ ሥዕሎች እንደ ክብሪት ቀፎ ተደርድረዋል፣ ማለቂያ የላቸውም። ሥዕሉን ሽፋን ይሉታል። ሰው በጣቱ እየገፋ ያልፋል፤ ሽፋኑ ካላስቆመው ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ይሄዳል። የእሷን ሽፋን የሳለው ኮምፒውተሩ ራሱ ነበር፤ ጥቁር ጫካና ቀይ ዐይን። ከጎኑ ያሉትም ጥቁር ጫካና ቀይ ዐይን ናቸው። የቱ የእሷ እንደሆነ አሳይታኝ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠፋኝ።

«ሽያጩ ሊከፈት አንድ ወር ቀረው። እስከዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ካላገኘሁ እተወዋለሁ» አለችኝ። «ቢሮ እመለሳለሁ። ይሄን ማሽን ሁለተኛ አልከፍተውም።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

የተስማማነው እኔ በቀለም ሰሌዳ ላይ ልሠራ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ልታሳንሰው ነው። መጀመሪያ የሣልኩት ጭራቅ ነበር። አፉን በሰፊው የከፈተ፣ ጥርሱ የተሰለፈ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጥታ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«አባዬ…»

«እ?»

«ይሄ የጥርስ ክሊኒክ ነው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ድዱ እንኳ ጤነኛ ነው። በዚህ ሰፈር የጥርስ ክሊኒክ ታፔላ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ጥርስ ሲባል እጄ አጥቦ አጽድቶ ነው የሚያወጣው። ከሥሩም ሳላስበው «ጥራት ያለው አስፈሪ ጌም እዚህ ያገኛሉ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ታፔላ ያለዚያ ራቁቱን የቀረ ይመስለኛል።

«ከስሙ በቀር ሌላ ጽሑፍ አይፈቅዱም» አለችና ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለተኛው ላይ አልቆጠብኩም። በር፣ ጨረቃ፣ መቃብር፣ ፀጉሯን የፈታች ሴት፣ ከመሬት የወጣ እጅ፣ ጅብ። ሲያልቅ ራሴን አስፈራኝ። ደስ አለኝ። ፎቶ አነሳችው፣ አሳነሰችው፣ ስልኩን ሰጠችኝ። ሥዕሏ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታክላለች። ጥቀርሻ ነው የሚመስለው።

«ሴትዮዋ የታለች?» አልኩ እኔው፣ የሣልኳት ሰውዬ።

«ጅቡስ ከየት መጣ? ጌሙ ውስጥ እኮ ጅብ የለም። ሰው ጅብ ብሎ ገብቶ ጅብ ሲያጣ ይቀየመኛል።»

የማይታይ ነገር ሲያጋጥመኝ እኔ የማውቀው መድኃኒት ማተለቅ ነው፤ ላሜራ መጨመር ነው። እዚህ ላሜራ አይጨመርም። በማግስቱ መብራት ሄደ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ምሳ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። ሳህኑን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁት። አባት ሆኖ በሳህን መመላለስ እንዴት ያለ ነገር ነው። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ሰሌዳውን በረንዳ ላይ አውጥቼ እንዲደርቅ ግድግዳ አስደገፍኩት።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ በአንደበት ግን ማንም አይችላትም። ሲንጀር መኪናዋ ላይ እንዳለች ቀና ብላ ጮኸች።

«ጋሼ! ያ የተቃጠለ ጎማ ምንድነው?»

«ጎማ አይደለም! ሴት ናት!»

«ታዲያ ምን አግኝቷት ነው?»

«መነጽርሽን አድርጊ!»

«መነጽሬ ለመርፌ ነው፤ ለእርስዎ ሴት አይሆንም!»

ተናድጄ ልገባ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከዚያ ማዶ፣ ያለ መነጽር፣ እሷ ያየችው ልጄ ስልክ ላይ ያሳየችኝን ነው። ጭቃውን ተሻግሬ ሄድኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። የልጄን ነገር ስነግራት መርገጫውን አቆመች።

«በየቀኑ አወጣዋለሁ፤ የሚታይሽን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

«ስድብም ይጨመርበት?»

«ጨምሪበት።»

እንዲህ ሆነን ቀናት አለፉ። ጅቡን አጠፋሁ። ጨረቃዋን «ዳቦ ሰቅለዋል» አለችኝ፤ አጠፋኋት። ከመሬት የወጣውን እጅ «ማበጠሪያ» አለችው። ያ እጅ ጣት በጣት የለፋሁበት ነው። ቀለም ደፋሁበት። ጠዋት ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ ከሰዓት እሷው ታስጠፋኛለች። ቀኑ ይሄዳል። ልጄ ብቅ ብላ አይታው ትመለሳለች።

«ልክ አልመጣ ያለኝ ቀሚስ ላይ ዳንቴል አልጨምርም» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን፣ ሻይ ልጠጣ ከጎኗ ተቀምጬ። «እፈታዋለሁ። እርስዎ ግን ዳንቴል ይወዳሉ።»

ያን ዕለት ልጄን ጠየቅኳት። «ጌሙ ውስጥ አንቺን ራስሽን የሚያስፈራሽ የቱ ነው?»

«በሩ» አለች። «በሩ ትንሽ ሲከፈት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያን ያህል አያስፈራኝም።»

ሰሌዳውን በሙሉ በቀለም ሸፈንኩት። የቆርቆሮ በር ብቻ ሣልኩ፤ ሰማያዊ፣ ከፊት ብርሃን ያረፈበት። መሐሉ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት፤ ውስጡ ድፍን ጥቁር። እጄ መሥመሩን ቀጥ አድርጎ አልይዝ ስላለኝ ልጄ ማስመሪያውን ያዘችልኝ። ከላይ «አቤት» ብዬ በነጭ ጻፍኩ፤ ሦስቱ ፊደላት የሰሌዳውን እኩሌታ ያዙ። ጥቂት ስለሆነ አፈርኩበት። እንኳን ለሱቅ ለጎሚስታም እንዲህ ባዶ አድርጌ አላውቅም።

አወጣሁት። ልጄ ከኋላዬ ቆመች።

የሲንጀሩ ድምፅ ቆመ።

«ምን ይታይሻል?» ብዬ ጮኽኩ።

ጎማም አላለች፣ ዳቦም አላለች። ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ያንን በር ማን ነው ገርበብ አድርጎ የተወው?»

«ሥዕል እኮ ነው!»

«ቢሆንስ! ይዝጉት፤ ቀፈፈኝ!»

ልጄ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ብዙ አላውቅም። ቆመው የሚያዩ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ፤ ስንት እንደሆኑ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሽያጩ ሲከፈት ሰው ጎረፈ ልል አልችልም። ጥቂት ሰዎች ጻፉላት፤ አንዱ ከየት አገር እንደሆነ እንጃ፣ «ተነስቼ የራሴን በር አየሁ» ብሎ። በማግስቱ ጠዋት ማሽኗን ከፍታ፣ የጌሙ ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ይዘገያል እያለች እሱን ስታስተካክል ነበር። ቢሮም አልሄደችም። አሁንም እዚያው ናት። የቀጠለችው በሥዕሉ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ነገ ደግሞ እተወዋለሁ ትል እንደሆነ አላውቅም። ብትል ዛሬም የማደርግላት ነገር ያለኝ አይመስለኝም።

ያን ሰሞን እኔን ያሻገረኝ ማን ነው ብትሉኝ ግን እሷን አውቃለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ናት።