የአራተኛ ፎቅ ሙቀጫ

ጭሮ ከተማ ያለው ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ሁለት ደንብ ተለጥፏል፤ ፎቅ ላይ መውቀጥ ክልክል ነው፣ ግቢ ውስጥ ዕቃ ማስቀመጥም ክልክል ነው። ያወጣው ሰው በሕይወቱ ወቅጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስንቶቻችን በስብሰባ ጮኸንበታል! የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ግን አንድም ቀን አልተከራከሩም። የሚወቀጥ ሲኖራቸው የፕላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ያንን የወይራ ሙቀጫ በነጠላ እንደ ልጅ አዝለው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ይወርዳሉ። ታች ወቅጠው ሲጨርሱ ሙቀጫውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው፣ መልሰው አዝለው ይወጣሉ። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። እኔ አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለከልካለሁ።

ሙቀጫው ሥር በምስማር የተጫረ የወንድ ስም አለ። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ደፍሬ አላውቅም።

ባለፈው ወር ኮሚቴው አፍሮ ደንቡን አሻሻለ። ሰብሳቢው ራሱ ደረጃው ላይ ጠብቆ፣ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ደረጃው ሥር ይተዉት፤ ተፈቅዷል» አላቸው።

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ቋጠሮ ደረታቸው ላይ አጠበቁ።

«ተባረክ ልጄ» አሉት፤ «እኔ ግን እሱን ውጭ አሳድሬው አላውቅም።»