አባቴ ያልወደደው አጭር ደብዳቤ

ክረምት በወጣ ቁጥር የአባቴን ካፖርት ከሣጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። የዘበኛ ካፖርት ነው፤ ወፍራም፣ አመድማ፣ አንገቱን ብል የበላው። ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ እንኳ አፍንጫዬን ሳስጠጋ የማሽን ዘይትና የጥጥ ብናኝ ይሸተኛል። የልጅ ልጄ "እማማ፣ ይሄን ለምን አይጥሉትም?" ትለኛለች። ድንቄም መጣል! ስማኝማ፣ ለምን እንደማልጥለው ልንገርህ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፤ አቃቂ ገና ፋብሪካ በፋብሪካ መሆን የጀመረችበት። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ ከበሰቃ እስከ ቃሊቲ ያለው ሰው በአንድ እግሩ ይቆማል። አባቴ የሽመና ማሽን ሠራተኛ ነበር። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ታይፕና እንግሊዝኛ እማራለሁ፤ በሠፈሩ "እንግሊዝኛ የምታውቀዋ ልጅ" እባላለሁ። ያኔ ኩራቴን ብታይ!

አንድ ቀን ማሽኑ የአባቴን ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ወሰደ። ቁስሉ ሲሽር አለቃው ጠራውና በዚህ እጅ የተበጠሰ ክር መቋጠር እንደማይችል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ ካልተገኘለትም እንደሚሰናበት ነገረው። በሩ ላይ አንድ የዘበኛ ቦታ ክፍት ነበር። አብሮት የሚሸምነው ጓደኛው ቤታችን መጥቶ፣ "ለሥራ አስኪያጁ አቤት በል እንጂ! ፈረንጁ አማርኛ አያነብ፤ ልጅህ በእንግሊዝኛ ትጻፍልህ" አለው።

አባቴ የባላባት ደጅ ሲጠና እያየ ያደገ ሰው ነው፤ ለትልቅ ሰው አቤት እንዴት እንደሚባል ያውቃል። መጀመሪያ የጌታው ጤና ይጠየቃል። ከዚያ ይመረቃል። ከዚያ አቤት ባዩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን አይቶ ምን ችሎ እዚህ እንደደረሰ ይነገራል። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ፣ አንገት ተደፍቶ፣ እንደ ዋዛ ጣል ይደረጋል። "ገና ከደጅ እንደገባ ጉዳዩን የሚዘረግፍ ባለጌ ነው" ይል ነበር። እሱ ተናገረ፤ እኔ መርካቶ ከገዛሁት አሮጌ የደብዳቤ መጽሐፍ ከበድ ከበድ ያሉትን ቃላት እየለቀምኩ ጻፍኩ። ከቡልጋ በእግሩ መምጣቱ፣ የባቡር ሐዲድ ሲጠገን ድንጋይ መሸከሙ፣ እናቴ ስትሞት እኔን በጀርባው አዝሎ ማሳደጉ፣ አንዱም አልቀረ። ትምህርት ቤት ወስጄ በካርቦን ሁለት ቅጂ አድርጌ ታይፕ መታሁት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ማታ በአማርኛ ሳነብለት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እሰይ የኔ ልጅ" አለ። "ይሄ እኔ ነኝ።"

በሳምንቱ መልስ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ስለ መልካም ምኞታችን ያመሰግናል፤ ለእኛም ጤና ይመኛል። በቃ። ጉዳዩ ጋ ሳይደርስ ነው ማንበቡን የተወው። አባቴ "ምን አለ?" ሲለኝ "ጤና ተመኝቶልሃል" አልኩት። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ቅጂውን ይዤ ወደ እንግሊዝኛ አስተማሪዬ ሮጥኩ። ህንዳዊ ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል፣ አማርኛን አንድ አንድ ቃል እየለቀመ የሚናገር። እስከ መጨረሻው አነበበው፤ አልሳቀብኝም።

"ይህ የሞቱ ሰዎች እንግሊዝኛ ነው። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ የለም" አለኝ። ወረቀቱን ገለበጠና፣ "ምን ትፈልጊያለሽ? በአፍሽ ንገሪኝ" አለ።

"አባቴ ዘበኛ እንዲሆን።"

"እሱን ጻፊ።"

ጻፍኩ። አባቴ ሥራ ላይ ሁለት ጣቶቹን አጣ። መሸመን አይችልም፤ በር መጠበቅ ግን ይችላል። እባክዎ የዘበኛውን ቦታ ይስጡት። ሦስት መስመር።

ለአባቴ አነበብኩለት። ጥቂት ጠብቆ "ቀጥዪ እንጂ" አለኝ።

"አለቀ እኮ፣ አባባ።"

ፊቱ ጠቆረ። የተጎዳ እጁን በደህናው ይዞ፣ "ይሄ ስለ ጣት ነው። እኔ የት አለሁ?" አለ።

እኔ ምን ገዶኝ! አዲስ ዕውቀት ናላዬ ላይ ወጥቷል። "ፈረንጅ የሚወደው እንዲህ ነው" ብዬ አሸግሁት። ያንን የረጅሙን ደብዳቤ ቅጂ ደግሞ ለእሳት ማያያዣ ይሁን ብዬ ከከሰሉ አጠገብ ጣልኩት።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ጓደኛው "ሦስት መስመር ካፖርት አለበሰህ!" እያለ ሲስቅ አባቴም አብሮት ሳቀ። እንጀራችን ዳነ። እኔም ከዚያ በኋላ የአጭር ጽሑፍ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ስንቱን አለቃ አሳጠርኩት መሰለህ! አሁንም ሰው ሲያንዛዛብኝ ሆዴ አይችልም።

አባቴ ያረፈ ጊዜ የሕይወት ታሪኩን ጻፊ ተባልኩ። እጄ የለመደውን ጻፈ። ቡልጋ ተወለደ፣ አቃቂ ሠራ፣ አንዲት ልጅ አሳደገ፣ አረፈ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲነበብ፣ ሰዉ ነጠላውን አስተካክሎ ሳይቆም አለቀ። ያ ጓደኛው፣ አርጅቶ በከዘራ የቆመው፣ ወደ እኔ ዞሮ "በቃ?" አለኝ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

በሳምንቱ ካፖርቱን ለነዳይ ልሰጥ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ከደረቱ በኩል አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ያ ረጅሙ ደብዳቤ ነው። ጫፉን ከሰል አጥቁሮታል፤ እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ለቋል። አባቴ እንኳን እንግሊዝኛ አማርኛም ማንበብ አይችልም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በአርባው፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው በልቶ ሲረጋጋ፣ ተነሥቼ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። የሥራ አስኪያጁን ጤና ከመጠየቁ ጀመርኩ። ምርቃቱን አልዘለልኩም፤ ሐዲዱንም፣ ድንጋዩንም፣ በጀርባው ያዘላትንም ልጅ። አንድም ሰው ካለበት አልተነሣም።

ጓደኛው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ።

"አዎ" አለ። "ይሄ እሱ ነው።"