የዕድሩ ጡሩምባ ወደ ሞምባሳ

ብርነሽ ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ሆና ስትሠራ የስንቱን እንግዳ ሻንጣ አይታለች። ልቧ ውስጥ የቀረው ግን የሁለት ፀጉረ ነጭ ባልና ሚስት ጓዝ ነው። በኤሌክትሪክ ብስክሌት አገር ለአገር ሲዞሩ የነበሩ ናቸው፤ ያላቸው ሁሉ ከጎማው ግራና ቀኝ በተንጠለጠሉ ከረጢቶች ውስጥ ነበር። «ከኋላችሁ የሚከተል መኪና የለም?» ብትላቸው፣ «ማንም የለም» አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝንላቸው ነበር። ብርነሽ ቀናችባቸው።

አይፈረድባትም። ባሏ ደጉ ሰንጋ ተራ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የዕድር ዳኛ ነው። አንዱ ሊከስ፣ ሌላው ሊታረቅ፣ ሦስተኛው ሲታረቁ ሊያይ ይመጣል፤ የመጣ ደግሞ ሳይበላ አይሄድም። ከባልሽ ጋር ለብቻችሁ ምሳ የበላችሁት መቼ ነው ብትባል ጫጉላዋን ነው የምትጠቅሰው። እዚያም ቢሆን ሚዜዎቹ ነበሩ።

ጡረታ በወጣች በዓመቷ ሶፋውንና ቡፌውን፣ ማለትም የእንግዳ መቀመጫውንና የእንግዳ ሳህን ማስቀመጫውን ሸጣ፣ ካጠራቀመችው ጨምራ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ቤት አስገባች። እስከ ሞያሌ በአውቶብስ፣ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ ባሕር በብስክሌት። ባትሪውን በየሻይ ቤቱ ቻርጅ እያደረጉ፣ የሚበሉትን ራሳቸው እያበሰሉ፣ ሁለቱ ብቻ። ደጉ ሲሰማ ሳቀ፤ የምሯን መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ካርታውን ለመነጽሩ አስጠግቶ በየመንገዱ ዳር የሚያውቀው ሰው መኖር አለመኖሩን መፈለግ ጀመረ።

ልምምዳቸው ካዛንቺስ በተሠራው አዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ ነበር። ደጉ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቤተሰብ ጠይቆ ነው የሚቀጥለው። ኦሎምፒያ ሳይደርሱ ፀሐይ ጠለቀች። ባትሪው ግን አልተነካም።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ነገሩን ለዕድሩ ስብሰባ የተናገረው። ያገራችን ሰው ብቸኝነትን እንደ በሽታ ያየዋል፤ የታመመውን ለማዳን ደግሞ ይረባረባል። ዳኛችን ባዕድ አገር በብስክሌት ብቻውን ሲንከራተት ዝም ብለን ልናይ ነው ወይ ተባለ። ጎረቤታቸው ደቻሳ ሚኒባሱን ሊሰጥ፣ ራሱም ሊነዳ ተነሣ። ሌላው የዕድሩ ድንኳን ይጫን አለ፤ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነውና። ትልቁ ድስትም ታከለ። ድስት ካለ አብሳይ ያስፈልጋል ተብሎ አብሳይም ተመረጠች። ቁጭ ተብሎ ሲታይ የሞምባሳው ጉዞ ለቅሶ መስሏል። ደጉ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

ብርነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ተከብሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ድንኳኑም ድስቱም ሁለት ወር ከእኛ ጋር ይቆያሉ። እስክንመለስ እንደማይሞት ቃል የሚገባ ማን ነው? ጋሽ በድሉ፣ ከእርስዎ ልጀምር?»

ጋሽ በድሉ የዕድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ወር አልሞላቸውም። ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«በቃ፣ ብቻቸውን ይሂዱ» አሉ። «ወጣቶች አይደሉም እንዴ?»

ወጣቶቹ ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል። ውሳኔው ግን በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ብርነሽ ሰፈሯን ስለምታውቅ አልተዘናጋችም። ሚኒባሱ ቢቀር ጭነቱ አይቀርም፤ ናይሮቢ ዘመድ ያለው ሁሉ ለዘመዱ በርበሬ ሊያቀብላት ነው። ቅዳሜ ነው የምንሄደው ብላ አስወራችና ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ብስክሌቶቹን እየገፉ ግቢው መሐል ደረሱ። በሩ ጋ ውሻ ተኝቷል። ደጉ ከረጢቱን ከፈተ።

ያወጣው የዕድሩን ጡሩምባ ነው። ሞት በቴሌግራም መነገር ከጀመረ ወዲህ አልጋው ሥር ያስቀመጠው አሮጌ ጡሩምባ። «ደወል ይሆነኛል ብዬ ነው» አላትና ነፋው።

በየፎቁ መብራት በራ። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ወጡ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። ከሦስተኛ ፎቅ የጋሽ በድሉ ድምፅ ተሰማ፦ «እኔ አይደለሁም። ማነው?»

ደጉ ውሻውን አመካኘ። ውሻው ግን ከሄደ ቆይቷል።

ማንም እንዳልሞተ ሲታወቅ ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ ቀጥሎ ቋጠሮ መምጣት ጀመረ። በሶ፣ ቆሎ፣ ደቻሳም ናይሮቢ ላለው የወንድሙ ልጅ አንድ ከረጢት። ብርነሽ እጇን ዘረጋች፤ ለመቀበል አልነበረም።

«የሚጫን ነገር የለም። መርቁን፣ ምርቃት አይከብድም።»

መረቋቸው። ሲጨርሱ ጡሩምባውን ከባሏ እጅ ወስዳ እስክንመለስ እርስዎ ይያዙልን ብላ ከፎቅ ለወረዱት ለጋሽ በድሉ ሰጠች። ደጉ ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው አጥቶ መሪውን ያዘበት።

ወደ አውቶብሱ ሲሄዱ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ዘወር ብሎ አየ። የሚከተል የለም። አንድ ፌርማታ ያህል ነዳና ጠየቃት።

«ሞያሌ ስንወርድ ምሳ ለስንት ሰው ነው የምንሠራው?»

«ለሁለት።»

ደጉ አሰበበት። «ትንሽ ነው» አለ።