ከፊትም ከኋላም የሚከፈት ተሳቢ

ትናንት ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ቫን መብራት ይዞት ፊቴ ቆመ። ከኋላው ነጭ ዝግ ተሳቢ ይጎትታል። ሳላስበው አንገቴን አስግጌ የፊት በር ይኖረው እንደሆነ አየሁ። የለውም። በዚያች ቅጽበት የድሮው ንዴት ደረቴ ላይ ወጣ። ሰው በተሳቢ ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣሁት ከአብሮ አደጌ ከከድር ጋር ነው። ሁለታችንም የኮምቦልቻ ልጆች ነን። ሆሎዌይ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ድስት ምስር ለሦስት ቀን እያሞቅን እንበላ ነበር። ሥራችን ፓርክ ሮያል ነው። የሠፈሩ ብስኩት ፋብሪካ ጠዋት ጠዋት ሲያውድ በባዶ ሆድ ማለፍ ፈተና ነበር። አሠሪያችን ኮሊን የሚባል ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ ሲሆን የበረዶ ሞተር ያከራያል፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ እግር ያለው፣ ከኋላ በሰንሰለት የሚሄድ። የለንደን በረዶ እንኳን ሞተር ሊያስነዳ ጫማም በወጉ አይሸፍንም። ሞተሮቹ ዊንተር ሲገባ ወደ ስኮትላንድ ተራሮች ነው የሚሄዱት።

ሁለታችንም ጊዜያዊ ነበርን። ያን ዓመት ግን ኮሊን ከመሃላችን አንዱን ቋሚ ሾፌር ሊያደርግ እንዳሰበ እናውቃለን። ለእኔ ቋሚ ሥራ ማለት ራህመት ማለት ነበር። እጮኛዬ ናት፤ ኮምቦልቻ ትጠብቀኛለች። ሶሊሲተሬ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃዬ፣ ደግሞ "የቋሚ ሥራ ደብዳቤ ሳትይዝ እሷን ለማምጣት አፕላይ ብናደርግ ይመልሱብናል" ብላኛለች። ከድር ይህን ከእኔ እኩል ያውቃል። ራህመት በደወለች ቁጥር ስልኩን ነጥቆ "ሙሽሪት፣ እንዴት ነሽ?" የሚላት እሱ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኮሊን ጠራንና "ሁለት ሞተር የሚጭን ተሳቢ ፈልጉልኝ" አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ይዤ ከከተማ ውጪ ያሉ ተሳቢ መሸጫ ግቢዎችን መዞር ጀመርኩ። ከድር የመጀመሪያውን ቅዳሜ አብሮኝ ወጣ። ዝናቡ ጫማው ውስጥ ሲገባ ግን "አቦ፣ ተሳቢ ተሳቢ ነው፤ ምን ያደርቅሃል!" ብሎ ተመለሰ።

ሻጮቹ ክፍቱን እንድወስድ ይገፋፉኛል፤ ይቀላል ይሉኛል። እኛ አገር ጨው ለከብት ይሰጣል፤ እዚህ በዊንተር ለአስፋልቱ ይሰጣል። ያ ጨው ከመንገድ እየተረጨ ሌሊቱን ሙሉ የተጓዘ ሞተር ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ ዝግ መሆን አለበት አልኩ። ሜትር ይዤ ሞተሮቹን ስለካ ደግሞ የተሳቢውን ስፋት የሚወስነው መቀመጫው ሳይሆን የፊት እግሮቹ ስፋት እንደሆነ አየሁ። ከሁሉ የባሰው፣ የእኛ ሞተሮች ማርሽ ኋላ የላቸውም። በኋላ በር ነድተህ ብታስገባቸው፣ ስታወጣቸው ወገብህ እስኪቀነጠስ መጎተት ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የኋላ በር ያለው፣ ከፊትም በጎን በኩል ሌላ በር ወደ መሬት የሚዘረጋለት ተሳቢ አገኘሁ። በአንዱ ነድተህ ትገባለህ፣ በሌላው ነድተህ ትወጣለህ። ከደስታዬ ብዛት ኮምጣጤ የነከረው ድንች ጥብስ ገዝቼ ዝናብ ላይ ቆሜ በላሁ። ስለ ድንች አውርቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀኑ ግን እስካሁን አፌ ላይ አለ።

የተሳቢውን ሥዕል በወረቀት ሠራሁ። ኮሊን ፊት ቆሞ ያስረዳልኝ ግን ከድር ነበር፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል።

ተሳቢው የመጣ ቀን ኮሊን ራሱ ሞተሩን አስነስቶ በኋላ ገባ፣ በፊት ወጣ። እንደ ልጅ እየሳቀ ደገመው። ከዚያ ወርዶ "ይሄን ማነው ያሰበው?" አለ።

እዚህ ላይ አስተዳደጋችንን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ሰው ሲያመሰግንህ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አይባልም፤ ነውር ነው። "ኧረ እሱ ነው" ብለህ ምስጋናውን ወደ ጓደኛህ ትገፋዋለህ። ጓደኛህ ደግሞ "ወላሂ እሱ ነው! እኔ ምን ሠራሁ?" ብሎ ይመልስልሃል። ሳይመልስልህ የሚቀር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔም እጄን ወደ ከድር ዘርግቼ "እሱ ነው" አልኩ።

ከድር አየኝ። ከዚያ ኮሊንን አየና "አዎ፣ ትንሽ አደከመኝ እንጂ" አለ።

ኮሊን እጁን ጨበጠው። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። እነሱ ስለ ስኮትላንድ መንገድ እያወሩ ወደ ቢሮ ሲገቡ እኔ ሜትሬን ይዤ ግቢው መሃል ቀረሁ።

ማታ ቤት ስንገባ "ምነው ከድር? ምን በደልኩህ?" አልኩት።

"አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ 'እሱ ነው' ያልከው?"

"ከድር፣ በአላህ! እንደዚህ ነው የሚባለው!"

"እንግዲህ ተባለ። አሁን ሄደህ እኔ ነኝ ብትለው ውሸታም ነው የምትባለው" አለና ምስሩን ማሞቅ ጀመረ። ለሁለታችን።

ልክ ነበር፤ ያቃጠለኝም ያ ልክነቱ ነው። ሥራውን ከድር ወሰደ። እኔ ጊዜያዊ እንደሆንኩ ከረምኩ፣ በዓመቱም እንደዚያው። ወሬው ኮምቦልቻ ደርሶ የራህመት አባት "አብረው ሄደው አንዱ ሰው ሆነ፤ ይሄኛው ምን ነካው?" አሉ አሉ። መጨረሻ የደወለች ቀን እያለቀሰች "ከድር እንዴት ሆኖለት አንተ አቃተህ?" አለችኝ። እሱ ነው የቀማኝ ብላት ማን ያምነኛል? ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ተዳረች።

እኔም ቆይቼ አገባሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጆች አሉኝ። ከከድር ጋር ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን። ዘንድሮ ለሐጅ ሊነሳ ሲል፣ ሐጅ ሄጂ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ደወለልኝ።

"ሰዒድ፣ አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኩህ ካለ አፉ በለኝ።"

"አውቀህ ያደረግከው አለ?" አልኩት።

"ያው፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም" አለኝ።

አፉ ብዬሃለሁ አልኩት። የአላህን ቤት ሊጎበኝ የተነሳን ሰው ምን ይሉታል? ግን እውነቱን ልናገር፤ አልወጣልኝም። ሥራውን ድሮ ትቼለታለሁ። ኮሊንንም አልወቅሰውም፤ ፈረንጅ የእኛን ወግ በምን ያውቃል? በዚያ ግቢ ውስጥ "ወላሂ እሱ ነው" የሚለውን ቃል እንደምጠብቅ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።