ቀድሞ የወረደው አሳ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጭ አሳ ጣናን ትቶ ጉማራን ሽቅብ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት፣ ውሃው ከጉና ተራራ ቀዝቅዞ በሚወርድበት ነው። በዚያ ዓመት የሚስቴም ታናሽ ወንድም አብሮት ወጣ። አሳው ለመውለድ፣ እሱ ለመትረፍ። ባሕር ዳር አፈሳ ነበር፤ ጉልበት ያለውን ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያም ከሠርግም ይለቅሙት ነበር። እኔ ዕድሜህ አልፏል ተብዬ ተረፍሁ። የማርጀትን ትርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሱ ከገደል ሥር፣ ወንዙ ኩሬ የሠራበት ዳር፣ ዋሻ ይዞ በመንጠቆ አሳ ያወጣል፤ በጨው አሽቶ ያደርቃል። እኔ ጨውና ዱቄት አደርስለታለሁ፤ ስመለስ ቋንጣውን ይዤ እሸጣለሁ። ዘመድነትም ንግድም ነው፤ ሁለቱን መለየት አልችልበትም።

ያን ቀን የጉማራው ድልድይ ላይ የገበሬ ማኅበሩን ታጣቂዎች ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዚያ በፊት እዚያ ተቀምጠው አያውቁም።

«ጨው ለማን ነው፣ ነጋዴው?» አለኝ አለቃቸው።

«አልጫ ለሰለቸው ሁሉ።»

ሌሎቹ ሳቁ። አለቃው ግን ጆንያዬን ትቶ እግሬን አየ፤ ወዴት እንደሚዞር።

በእርሻ መሃል ተጠማዝዤ ረፋዱ ላይ ደረስሁ። የሚስቴ ወንድም ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ፊቱ በርቷል።

«አያ፣ ዛሬ መንጠቆ የለም! ብርብራ ወቅጬ በተንሁበት!»

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳን ያሰክራል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሳው ሆዱን ገልብጦ መንሳፈፍ ጀመረ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እየሳቅን ቅርጫቱን ሞላን። የተረፈው ግን እየተንከባለለ ከኩሬው አልፎ ቁልቁል ወረደ።

ሳቄ ቆመ።

«ይኸ ውሃ በየት በኩል ነው የሚያልፍ?»

«ወደ ጣና ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል?»

«በየት በኩል ነው ያልሁህ።»

ድልድዩ ላይ ያየሁትን ነገርሁት። መንጠቆ አንዱን አሳ ይይዛል፣ ለማንም አይናገርም። ብርብራ ግን ላይ ሰው መኖሩን ታች ላለው ሁሉ ያወራል።

መጀመሪያ የሰማነው ዛቻ አልነበረም፤ ደስታ ነው። «ይኸው ሌላ! ያዘው፣ ያዘው!» እየተባባሉ፣ አሳ እየለቀሙ ወደ ላይ ይመጣሉ። ሳቃቸው በየመታጠፊያው ይቀርባል። እንደዚያ የሚያስፈራ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ሂድ!» አልሁት። ቁጥቋጦውን ጥሶ ሽቅብ ወጣ።

ሲደርሱ ብቻዬን ተቀምጬ አሳ እሰነጥቃለሁ። አለቃው ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ ድንጋዩ ላይ አረፈ። የእኔ ጫማ እዚያ ነው። አጠገቡ ሌላ ኮንጎ ጫማ።

«ነጋዴው፣ ስንት እግር አለህ?»

«የሚሸጥ ነው፣ ጓድ።»

«አሮጌው?»

«አዲስ ብሸጥማ ሱቅ ይኖረኝ ነበር።»

አንስቶ ሥሩን ገለበጠው። ጭቃው አልደረቀም።

«ጭቃ የረገጠ ሸቀጥ» አለ። «እንግዲያው ባለቤቱ እስኪመለስ አሳ እንጥበስ።»

ጠበሱ፤ በእኔው ጨው። ሽታው ወደ ጫካው ሲወጣ፣ ላይ ሆዱ ባዶ የሆነው ሰው እንዳይንቀሳቀስ በልቤ እየለመንሁ፣ ለተራራው ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። «ብላ እንጂ!» አሉኝ። እሾሁ ይወጋኛል አልሁ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሊወርዱ ተነሡ። አለቃው ኮንጎውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«ይህን እኛ እናቆይለት። በባዶ እግሩ ምን ያህል ይሄዳል? ጫማ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም።»

የሚስቴ ወንድም በዚያ ቀን አልተያዘም። ጉናን በባዶ እግሩ ዞሮ፣ እያነከሰ ሊቦ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ይፋግ ገበያ ኮንጎ ጫማ ሲለካ ያዙት። አንዱን እግር አግብቶ ነበር አሉ።